የዳኛው ሙሾ ባለቤት ፍለጋ

ሐሙስ፣ ከቁስቋም እስከ ዳባት

ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ከጎንደር ቁስቋም ተነሣን። ጥምቀት ካለፈ ሁለተኛው ሳምንት ነው፤ ብርዱ ገና አልለቀቀም። እኔ ጋቢና ከሾፌሩ ጎን ተቀመጥኩ። ከኋላ አምስት ወጣቶች ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመዋል፤ ድራሙና ስፒከሮቹ ጣራ ላይ በሸራ ተጠቅልለው ታስረዋል። ልጆቹ የሚሄዱት ቅዳሜ ደባርቅ ላይ ሊጫወቱ ነው። እኔ የምሄደው አንዲት የልጅነት ጓደኛዬን ፈልጌ፣ ከሁሉ ይልቅ የሚታወቁበት ዘፈን የእሷ እንደሆነ ነግሬ፣ ፈቃዷን ልጠይቅ ነው። ካልፈቀደች አይዘፍኑትም። ሳንነሣ ተማምለንበታል። መሐላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ እነሱ ፊታቸውን አጥቁረው ተቀበሉ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ከመጀመሪያው ልናገር። ቤዛ የልጄ ልጅ ናት። ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራለች፤ ከሥራ ስትወጣ ትዘፍናለች። ናቲ የሚባል የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጊታር ይጫወታል፤ ሌሎች ሦስት ልጆችም አሉ። ቡድናቸውን ደወል ድንጋይ ብለውታል። ሮክ ማለት ድንጋይ ማለት ነው አሉኝ፤ እነሱም በቤተ ክርስቲያን ደጅ ተንጠልጥሎ ሲመቱት የሚጮኸውን ድንጋይ እየሰሙ ያደጉ የቁስቋም ልጆች ናቸው። ስሙን ወዲያው ወደድኩት። ጩኸታቸውን ለመልመድ ግን አንድ ክረምት ከነበጋው ፈጀብኝ።

የእነሱ ዝግጅት ግማሹ ዘፈን፣ ግማሹ ቲያትር ነው። ከገና በፊት ጎንደር አንድ አዳራሽ ውስጥ ሲጫወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሄጄ አየሁ። ፊታቸውን አመድ ቀብተዋል። አራቱ ቃሬዛ ተሸክመው ገቡ፤ ቃሬዛው ላይ ጥቁር የዳኛ ካባ እንደ ሬሳ ተዘርግቷል። ቤዛ ጥቁር ለብሳ፣ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ወጣችና ድምፅ ማጉያውን ያዘች። «ይህ ሙሾ የአያቴ ነው» አለች። «እውነት ፈርዶ ለሞተ ዳኛ የተለቀሰ ነው።» ከዚያ ጀመረችው፦

ዳኛው ወድቋል አሉ ጎኑን ተንተርሶ፣
ማንስ ያቆመኛል ከእንግዲህ መልሶ።

መሬት የሚያቀናው ከዳር እስከ ዳሩ፣
ዳኛው የሞተ ለት ጦም አደረ አገሩ።

«ጦም አደረ አገሩ» ስትል ጊታሩ አብሯት ጮኸ፤ አዳራሹ ሙሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስልኩን ከፍ አድርጎ ያለቅሳል። እኔ ሳቄ መጣ። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ የማለቅስ መስሏት ጀርባዬን ትደባብሰኝ ጀመር።

ሲያልቅ ከመድረኩ ጀርባ ሄድኩ። አመዱን ከፊታቸው እየጠረጉ ነበር።

«ቤዛ፣ ዳኛው ማን መሰለሽ?» አልኳት።

«ዳኛ ነዋ እምዬ። አንቺ አይደለሽ የምትይው?»

«ዳኛው በሬ ነው።»

ናቲ ፎጣውን ከፊቱ አወረደ። «በሬ? የሚያርስ በሬ?»

«የሚያርስ። ቀይ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። ዳኛው ስሙ ነው። መሬት ሲያቀና ማለት ሲያርስ ማለት ነው። ጦም አደረ ማለትም ሳይታረስ ቀረ ማለት ነው። አገሩ ሐዘን ተቀምጦ አልጾመም።»

ከዚያ ድራም የሚመታው ልጅ «እንግዲህ እንደዚሁ ይሁን፤ ማን ያውቃል?» አለ።

«እዚህ ማንም አያውቅም» አልኩት። «ደባርቅ ላይ ግን የመጀመሪያዋን ሳትጨርሷት ያውቃሉ። ደግሞም ሙሾው የእኔ አይደለም። ባለቤት አላት፣ ውዴ ትባላለች። ሕይወቷ ካለ ትጠየቃለች።»

እውነቴን ነው። ቤዛ ሙሾውን የቀዳችው ጥጥ ስፈትል ስለው ሰምታ፣ በስልኳ ነው። ሰላም በሆነ ቤት ሙሾ አይባልም ይላሉ፤ እኔ ግን የበሬ ስለሆነ ሞት አይጠራም ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ ብዬዋለሁ። የማን ነው ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። እኔም ነግሬያት አላውቅም።

ወለቃን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ፀሐይ ወጣች። ከኮሶዬ በላይ ፍተሻ ነበር፤ አስወረዱን። አንድ ፖሊስ ሻንጣ ሲከፍት ጥቁሩን ካባ አገኘና ወደ ላይ አንጠለጠለው።

«ምንድን ነው ይሄ? ዳኛ ይዛችኋል እንዴ?»

«ሞቷል» አለ ናቲ።

«ምነው፣ ማን ገደለው?»

«በሬ ሆኖ ተገኘ።»

ፖሊሱ ወደ እኔ ዞረ። «እማማ፣ ይሄ ልጅ ጤነኛ ነው?»

«ጊታር መቺ ነው» አልኩት። ሳቀና አሳለፈን።

ከኮሶዬ ቁልቁል የአርማጭሆ ቆላ ጭጋግ ለብሶ ይታያል። መጀመሪያ በዚህ ያለፍኩት ለጎንደር ሰው ተድሬ ስመጣ፣ በጭነት ማኪና ላይ፣ የገብስ ከረጢት ላይ ተቀምጬ ነው። ያኔ መንገዱ ጠጠር ነበር። ነጠላዬ ሁሉ አቧራ ሆኖ ነበርና ለሙሽራው ቤት ምን ለብሼ እገባለሁ እያልኩ ስጨነቅ ያን የሚያህል አገር አለፈኝ። አሁን አስፋልት ነው፤ ሾፌሩን ቁም አልኩትና ወርጄ ደኅና አድርጌ አየሁት። ልጆቹም ወርደው ፎቶ ተነሡ።

ዳባት ስንደርስ ረፋድ ሆኗል። ቅቅል ድንች ከበርበሬ ጋር በላን፤ ለእኔ ሳህኑን በሠላሳ ብር የሸጠችልኝ ልጅ ለናቲ ሃምሳ አለችው።

«ምነው እቴ፣ የእሱ ድንች የተማረ ነው?» አልኳት።

«እሱ ከከተማ ነው የመጣው እማማ።»

«እኔም አብሬው ነው የመጣሁት።» ሃያውን መለሰች። ቤዛ አፍራ ወደ ማኪናው ሄደች። ትፈር፤ ድንቹ አንድ ዓይነት ነው።

የትውልድ መንደሬ ከአስፋልቱ ግማሽ ሰዓት በእግር ነው። ቤዛና ናቲ ተከተሉኝ። የአባቴ ቤት የነበረበት ቦታ ላይ የማላውቀው ሰው ቆርቆሮ ቤት ሠርቷል። ከቤቱ በታች የነበረው የገብስ መሬታችን ባሕር ዛፍ ሆኗል። የውዴ አባት መሬት ከእኛ ጋር ድንበርተኛ ነበር፤ እሱም ባሕር ዛፍ ነው። ድንበሩ ላይ የነበረችውን ድንጋይ ፈለግኳት፣ ቅጠል ውጧታል። ወንዟ ግን ያችው ናት። እዚያ ነበር እኔና ውዴ ልብስ የምናጥበው፤ እሷ ያየችውን ሁሉ በግጥም ታደርገዋለች፣ እኔ እይዘዋለሁ። የቄሱን አህያ፣ የአክስቴን አዲስ ጫማ፣ የጎረቤቱን ጠብ። ከሁሉም ያልረሳሁት የዳኛውን ነው።

ለልጆቹ ስለ ቅንጃ የነገርኳቸው እዚያው ወንዙ ዳር ተቀምጠን ነው። ለማረስ ሁለት በሬ ያስፈልጋል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ አንድ በሬ ካለው ሌላ ገበሬ ጋር ይቀናጃል፤ ሁለቱ በሬዎች አንድ ቀንበር ይሸከማሉ፣ አንድ ቀን የአንዱን መሬት፣ በማግስቱ የሌላውን ያርሳሉ። ዳኛው የውዴ አባት በሬ ነው፤ በቀኝ የሚጠመደው እሱ ነው። በግራ የሚጠመደው የአባቴ በሬ ነው። እኔና ውዴ ስድስት ዓመት በአንድ ጥማድ የታረሰ እህል በልተን አድገናል።

«ዳኛው እንዴት ሞተ?» አለች ቤዛ።

«ሰኔ ነበር፣ ዘር ሊዘራ ሲል። መሬቱ ረጥቦ ከአፋፉ ተንሸራተተ።»

«ከዚያስ ምን አደረጋችሁ?»

«ከዚያማ ክረምቱ ገባ» አልኳትና ተነሣሁ።

ከላይ አንድ ሽማግሌ ዛፍ ሲመለምሉ አገኘን። አያ ደሴ ይባላሉ፤ እኔን አያውቁኝም፣ አባቴን ያውቃሉ። ውዴ በሕይወት አለች አሉን። እግዚአብሔር ይስጣቸው። «ባሏ ከሞተ ወዲህ ግን ልጇ ጋ ናት፣ አዲ አርቃይ። ቆላውን ለምዳዋለች፤ ወደዚህ አትወጣም።»

«አልወጣም ብላ ነው?»

«ምን ልትሠራ ትወጣለች?» አሉና መመልመላቸውን ቀጠሉ።

ዓርብ፣ ሊማሊሞን ወደ ታች

ደባርቅ አደርን። ብርዱ እንደ ድሮው ነው፤ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤም እግሬ አልሞቀም። ጠዋት ሦስቱ ልጆች አዳራሹን ሊያዘጋጁ ቀሩ፣ እኔ፣ ቤዛና ናቲ ሆነን በሕዝብ ሚኒባስ ወደ አዲ አርቃይ ወረድን።

ሊማሊሞን የሚያውቅ ያውቀዋል። መንገዱ ገደሉን እየዞረ ይወርዳል፣ ጆሮ ይደፍናል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከመንገድ ዳር ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ፤ ማኪና ሲያልፍ ቀና እንኳ አይሉም። ቤዛ መስኮቱን አልለቀቀችም። እኔ ግን ውዴን ነበር የማስበው። በዚህ መንገድ ወደ ቆላ ስትወርድ ዕድሜዋ አሥራ አራት ቢሆን ነው፤ የወረደችው በበቅሎ ነው። ሸኝቻታለሁ። ነጠላዋን ተከናንባ ስለነበር ፊቷን አላየሁትም።

በየመታጠፊያው ሙቀቱ ይጨምራል። አዲ አርቃይ ስንደርስ ጋቢዬን አውልቄ ታቅፌዋለሁ። የውዴ ልጅ ከመንገዱ ዳር ለጭነት ማኪና ሾፌሮች ሻይና ሽሮ ትሸጣለች። የውዴን ስም ጠርቼ እናትሽን ፈልጌ ነው ስላት በእጇ ወደ ጓሮ አመለከተችኝ። ማንጎ ዛፍ ሥር፣ ሰሌን ላይ፣ አንዲት ቀጭን አሮጊት በርበሬ ትቀነጥሳለች።

ቀና ብላ አየችኝ፤ ብዙ አየችኝ።

«የሺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«አረጀሽ።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ቆላው አከሰለኝ፤ ምክንያት አለኝ። አንቺ ጎንደር ጥላ ሥር ተቀምጠሽ ምነው እንዲህ ሆንሽ?» ከዚያ ሳመችኝ። ጣቷ ላይ የነበረው በርበሬ ዓይኔን ነካኝ፤ ሁለታችንም ስናለቅስ ልጇ ውኃ ይዛ መጣች። ከዚያ እንባ የትኛው ከምን እንደመጣ አሁንም አላውቅም።

ሽሮ ቀርቦ በላን፤ ዓርብ ነው። ስለሞቱት ሁሉ ተነጋገርን። በመጨረሻ ነገሩን ነገርኳት። ልጆቹ ሙሾሽን ይዘፍኑታል፣ የእኔ መስሏቸው ነው፣ ስህተቱ የእኔ ነው፣ አንቺ ካልፈቀድሽ ይተውታል አልኩ። ቤዛ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እንደ ፈተና ተማሪ ተቀምጣለች። ያን ዘፈን ካጡ ቅዳሜ ምን ይዘው እንደሚወጡ አያውቁም፤ ደባርቅ የጠራቸው ሰው ያን ዘፈን ሰምቶ ነው የጠራቸው።

«አሰሙኝ» አለች ውዴ።

ናቲ ስልኩን ጆሮዋ አጠገብ አደረገላት። ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ይሄ የሚጮኸው ምንድን ነው?»

«ጊታር ነው እማማ» አለ ናቲ።

«ታሟል?»

«ሆን ብዬ ነው እንደዚያ የማስጮኸው።»

«እንግዲያ ደግ። አለቀ?»

«አለቀ።»

«አላለቀም» አለች ውዴ። ዓይኗን ገልጣ ያየችው እኔን ነው። «የሺ፣ ሦስተኛይቱስ?»

ከሰሌኑ አንድ በርበሬ አንሥቼ መቀንጠስ ጀመርኩ።

«ረሳሻት?»

«ሁለቱ ይበቃሉ ብዬ ነው» አልኩ። «ሦስተኛይቱ ረዘመች።»

«ረዘመች ወይስ ከበደች?»

ከዚያ ራሷ አለቻት። ድምፅዋ አርጅቷል፣ ዜማው ግን ያው ነው፦

ከዳኛው ሞት ይልቅ አንጀት የሚቆርጠው፣
ቆዳው ሳይደርቅ ገና ቅንጃ የለወጠው።

ናቲ ስልኩ ላይ መጻፍ ጀመረ። ቤዛ ግን የገባት ቶሎ ነው። «ቅንጃውን የለወጠው ማን ነው?» አለች።

«አባቴ ነው» አልኳት።

እንዲህ ነው የሆነው። ዳኛው ሲሞት የውዴ አባት ቆዳውን ደጁ ላይ በካስማ ወጥሮ አሰጣው፤ ሸጦ ለወይፈን መግዣ ትንሽ እንዲረዳው። በአገሩ ደንብ የአንዱ በሬ ሲሞት ሌላው ዘሩ እስኪያልቅ ይጠብቀዋል፤ በሬ በውሰትም በልመናም ተፈልጎ የሁለቱም መሬት ይዘራል። አባቴ አልጠበቀም። ቆዳው ገና በካስማ ላይ ሳለ ከላይ መንደር አንድ በሬ ካለው ሰው ጋር ተቀናጀ። እኛ ዘራን። የእነውዴ መሬት ጦም አደረ። ያን ዓመት እኔ ዳባት ትምህርት ቤት ገባሁ፤ አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፣ ይህን የምጽፍበትን ፊደል የለየሁት በዚያ ገብስ ነው። ያን ዓመት ውዴ በቤቷ የሚበላ ስላልነበረ ቆላ ተዳረች።

ሦስተኛይቱን የተውኳት ጎንደር ከገባሁ በኋላ ነው። መጀመሪያ ባሌ እንዳይሰማ፣ ቀጥሎ ልጆቼ እንዳይሰሙ። በኋላ ከአፌ ጠፋች፣ ከልቤ ግን አልጠፋችም።

«ስለዚህ ዳኛ ያደረግሽው አንቺ ነሽ» አለች ቤዛ። አልጮኸችም። «ቆዳውን ከውስጡ አወጣሽው፤ ቅንጃውን አወጣሽው። ምን ቀረ? ዳኛ የሚባል ሰው። እኔ ምን ላድርግ? ሕፃን ሆኜ እንኳ ከወንድሜ ዳቦ አብልጬ ስቆርስ እጄን የምትመቺው አንቺ ነሽ እምዬ።»

ውዴ በርበሬዋን ወደ መቀንጠስ ተመለሰች። «ዝፈኑት» አለች። «ፈቅጃለሁ። ሙሉውን ከሆነ ነው። ጎደሎውን ግን እዚያው ጎንደር እንኳ እንዳትሉት።»

ሁሉም እኔን ያያሉ። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። በቅሎ ላይ አስቀምጦኝ ገበያ የሚወስደኝ፣ ጉንፋን ሲይዘኝ ሌሊቱን ደረቱ ላይ የሚያሳድረኝ ሰው ነው። ቅዳሜ ከዳባት የሚመጣ ገበያተኛ ይኖራል፣ የሚያውቀው ይኖራል፤ አዘዞ ያለው ወንድሜ ጋሻውም መስማቱ አይቀርም። አይሆንም ብል ቤዛ እሺ ትላለች፤ ጎደሎውንም አትዘፍነውም፣ ምላለችና። ይህንንም አውቅ ነበር።

«ሙሉው ይዘፈን» አልኩ። «ውዴም አብራን ትውጣና በጆሮዋ ትስማው።»

«ብርዱን ረስቼዋለሁ» አለች ውዴ።

«ሁለት ብርድ ልብስ አለኝ።»

ወደ ላይ ስንመለስ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ጭላዳዎቹን ስታይ ሳቀች፤ ልጅ ሳለን በአንዱ ቄስ ስም የጠራነውን ጭላዳ አስታወሰችኝ። መታጠፊያዎቹ መሐል ላይ፣ «አባትሽ ስድስት ልጅ ነበረው» አለችኝ በድንገት።

«አዎ።»

«አሁን ሳስበው ይገባኛል። እኔም ወልጄ አይቼዋለሁ። ግጥሙ ግን ያኔ ያየሁትን ነው የሚለው፤ አሁን የገባኝን አይደለም። አላስተካክለውም።»

«አታስተካክይው» አልኳት።

ቅዳሜ፣ ደባርቅ

ጠዋት ገበያ ወጣን። ናቲ ካባውን ትቶታል፤ በምትኩ ቀንበር እንያዝ ያለው እሱ ነው። ውዴ እንጨት የሚሸጥበት ተራ ገብታ ቀንበሮቹን አንድ በአንድ በእጇ መዘነቻቸው።

«ይሄ ለጥጃ ነው?» አለችው ሻጩን።

«ለትልቅ በሬ ነው እናቴ፤ ወይራ ነው።»

«ወይራ እንዲህ አይቀልም። ማነቆው የት አለ?» ሻጩ በበሬ አንገት ግራና ቀኝ የሚገባውን ቀጭን እንጨት አቀበላት። አየችው፣ ሸተተችው፣ ሌላ አስመጣች። አራተኛው ላይ «ይሄ ሸጋ ነው» አለች። ሻጩ ለማን እንደሆነ ጠየቀ። «ለጊታር» አለችው።

ዝግጅቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። አዳራሹ ግማሹ የከተማ ወጣት፣ ግማሹ ከገበያ የገባ ገበሬ ነው፤ ዱላውንና የሸመተውን ይዞ ከኋላ ቆሟል። ልጆቹ ሌሎቹን ዘፈኖች ሲዘፍኑ ገበሬዎቹ ጆሯቸውን ይይዛሉ፣ አይወጡም ግን። እኔና ውዴ ከፊት ተቀመጥን፤ በሁለቱ ብርድ ልብስ ተጠቅልላለች።

ከዚያ ናቲ ጊታሩን ይዞ፣ ቀንበሩን አንገቱ ላይ አድርጎ ገባ። በግራ በኩል ነው የገባበት፤ ቀኙ ባዶ ነው። ባዶው ጎን ከብዶ ወደ መሬት ዘንበል አለና ጫፉ የመድረኩን ሳንቃ እየጫረ ተጎተተ፤ ድምፅ ማጉያው ያን ጭረት ይዞት አዳራሹን ሞላው። አንዳንድ ወጣት ሳቀ። «ሊያርሱ ነው እንዴ?» አለ አንዱ። ከኋላ ያሉት ገበሬዎች አልሳቁም። አንድ ቀንበር አንድ ትከሻ ላይ ሲያዩ ምን እንደሆነ አወቁ።

ቤዛ አመድ አልተቀባችም። ድምፅ ማጉያውን ይዛ፣ «ይህ ሙሾ የእማማ ውዴ ነው» አለች። «ዳኛው በሬ ነበር። እስከ ዛሬ ጎደሎ አድርጌ ዘፍኜዋለሁ፤ ዛሬ ሙሉውን እላለሁ።»

መጀመሪያይቱን አለች፣ ሁለተኛይቱን ቀጠለች። «ጦም አደረ አገሩ» ስትል ከኋላ «እህ» የሚል የብዙ ሰው ድምፅ ሰማሁ። ጎንደር ላይ ያለቀሱላት ለማይታወቅ ዳኛ ነው፤ እዚህ እያንዳንዱ የራሱን መሬት ነው የሚያየው። ከዚያ ናቲ መጫወቱን አቆመ። ሦስተኛይቱን ቤዛ ያለ ጊታር፣ ያለ ድራም አለቻት። ቀንበሩ ብቻ ሳንቃውን ይጭራል።

አባቴ በዓይኔ መጣ፤ በዚያ ክረምት እርፍ ይዞ፣ ወደ ውዴ ቤት ጀርባውን ሰጥቶ ሲያርስ። አንገቴን አልደፋሁም። ልደፋ ነበር፤ ውዴ ጎኔ ተቀምጣ አንገቴን መድፋት ከእሷ መደበቅ መሰለኝና ቀና አልኩ።

ከኋላዬ አንድ ሰው ለጓደኛው፣ «እኔንም እንዲህ ያደረገኝ አለ» ሲል ሰማሁ።

«ማን?»

«ተወው፤ እዚሁ ቆሟል።»

ሲያልቅ ጭብጨባው ወዲያው አልመጣም። ከመጣ በኋላ ግን ቶሎ አላቆመም። ቤዛ ከመድረክ ወርዳ ውዴ ፊት ተንበረከከች። «እንዴት ነበር እማማ?»

«ሸጋ ነው» አለች ውዴ። «መጀመሪያ ላይ የሚጮኸውን ግን ቀንሱት፤ በሬው አይሰማም።»

ናቲ ቀንበሩን ከአንገቱ አወረደ። አንገቱ ተልጦ ነበር፤ ውዴ ነካ አድርጋ አየችውና፣ «ወይፈን ሁሉ መጀመሪያ ላይ ይላጣል» አለችው።

እሑድ፣ ወደ ቤት

እሑድ ጠዋት ውዴን የአዲ አርቃይ ሚኒባስ ላይ አሳፈርናት። ከብርድ ልብሶቹ አንዱን አልመልስም ብላ ይዛው ወረደች፤ ለቆላ ምን ያደርግልሻል ብላት፣ «ላንቺ ማስታወሻ» አለችኝ። የእኔን ብርድ ልብስ ይዛ ለእኔ ማስታወሻ ማለቷ እስካሁን አልገባኝም። የስልክ ቁጥሯን ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ከዚያ እኛም በመጣንበት መንገድ ተመለስን፤ ዳባት ላይ ማኪናው ሳይቆም አለፈ፣ እኔም ቁም አላልኩም። ስምንት ሰዓት ላይ ቁስቋም ገባን።

የመጣሁበትን ጉዳይ ጨርሻለሁ። የተማርኩትን ልናገር ብል ብዙ አይደለም። ዕድሜዬን ሙሉ በሰው መሐል ሚዛን ይዤ የቆምኩ ይመስለኝ ነበር፤ ድንች ሻጭዋን፣ የማኪና ረዳቱን፣ የልጅ ልጄን። ሚዛኑ ወደ እኛ ቤት ሲዞር ሁለት መስመር ግጥም አጠፋሁ፣ በዚያም ምክንያት አንድ በሬ ዳኛ ሆኖ ጎንደርን ሙሉ አስለቀሰ። የሰው ሥራ ባለቤት አለው ብዬ ነበር የተነሣሁት፤ ሙሉነትም እንዳለው ያየሁት እዚያ ማንጎ ሥር ነው።

ሳይመሽ ወንድሜ ጋሻው ከአዘዞ ደወለ። ከእኔ በአራት ዓመት ይበልጣል። የደባርቁን ዝግጅት አንድ ሰው በስልኩ ቀርጾት ደርሶታል።

«የሺ፣ የአባታችንን ስም መድረክ ላይ አስጠራሽው አሉኝ።»

«ስሙን አልጠሩም። የሠራውን ነው የጠሩት።»

«አይመለከታቸውም።»

«ውዴን ይመለከታታል።»

መቆጣቱን ጠብቄ ነበር፤ ሊቆጣ የሚገባው ይመስለኛልም፣ ለአባታችን ዝክር በየዓመቱ የሚያወጣው እሱ ነው።

«በይኝ እስቲ» አለኝ በኋላ። «ድምፁ አልሰማኝም፤ ያቺን የመጨረሻዋን በይኝ።»

አልኩለት። በአፌ ስላት ጎንደር ከገባሁ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

«አዲሱን በሬ ከላይ መንደር የነዳሁት እኔ ነኝ» አለ ጋሻው። «አባታችን በታች በወንዙ በኩል አዙረህ አምጣው ብሎኝ ነበር። ሰነፍኩና በእነውዴ ደጅ ነዳሁት። ውዴ ቆዳው አጠገብ ቆማ ነበር፤ እሷም በሬውም ተያዩ።»

ይህን ነግሮኝ አያውቅም።

«አለች ነው የምትይኝ? ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት። ምላሷም ያው ነው።»

«ቁጥሯ አለሽ?»

ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ አነበብኩለት። እርሳስ ሲፈልግ መሳቢያ ሲከፍትና ሲዘጋ ይሰማኛል። ሁለት ጊዜ አስደገመኝ።